ዲግሪ ለመያዝ ምን ይጠየቃል?

ከፍኖተ ሰላም ወጣ ባለ ቀበሌ የሚኖር አንድ ቤተሰብ ልጁን ዩኒቨርሲቲ ሲልክ በእርግጠኝነት የሚያውቀው ዓመቱን ነው። አራት ዓመት። አራተኛው ዓመት ሲደርስ በግ ይገዛል፣ ጠላ ይጠመቃል፣ ዘመድ ይጠራል። ልጁም ብዙ ጊዜ ከዚህ የበለጠ አያውቅም። በጠቅላላው ስንት ኮርስ እንደሚወስድ፣ የትኛው ኮርስ ከየትኛው በፊት ማለቅ እንዳለበት፣ ነጥቡ ከስንት በታች ሲወርድ ዋርኒንግ እንደሚሰጠው፣ ከስንት በታች ሲሆን እንደሚሰናበት የሚጠይቀው ጂሲ፣ ማለትም ተመራቂ፣ ከሆነ በኋላ ነው። ጋውን ተከራይቶ፣ ፎቶ ተነሥቶ፣ መጽሔቱ ላይ ስሙ ወጥቶ፣ ሬጅስትራር ሲሄድ «አንድ ኮርስ ይጎድልሃል» የተባለ ተማሪ የሌለበት ግቢ የለም።

ይህ ምዕራፍ የሚያወራው ስለዚያ ዝርዝር ነው፤ አንድ ወጣት ዲግሪ ይዞ ለመውጣት ስለሚያሟላቸው ነገሮች። ነገሩ የሬጅስትራር ወረቀት ይመስላል። ግን አንድ ኮሌጅ ምን ዓይነት ሰው አስተምሮ ማውጣት እንደሚፈልግ የሚናገረው መግቢያ በሩ ላይ በለጠፈው መፈክር ሳይሆን በዚህ ዝርዝር ነው። ሳይወስዱ መመረቅ የማይቻለው ትምህርት የትኛው ነው? ማን ፊት ቀርቦ መመለስ ያስፈልጋል? ትምህርቱ ሳያልቅ የት ሄዶ መሥራት ግዴታ ነው? አገራችን ለእነዚህ ጥያቄዎች በየዘመኑ የተለያየ መልስ ሰጥታለች። ከሁሉ የተሻለው መልስ በመሀል ቤት ቀርቷል ብዬ አምናለሁ።

በዛሬው እንጀምር። በአሁኑ ሥርዓት አንድ የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪ ለመመረቅ የትምህርት ክፍሉ ያወጣቸውን ኮርሶች በሙሉ መጨረስ፣ አጠቃላይ አማካይ ውጤቱ 2.00 እና ከዚያ በላይ መሆን፣ የዋና ትምህርቱ አማካይም እንደዚያው 2.00 መድረስ፣ ያልተስተካከለ ኤፍ አለመኖር፣ ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ የመውጫ ፈተናውን ማለፍ አለበት። በአንድ ትንፋሽ የሚነገር ነገር ነው። ችግሩ ሒሳቡ ውስጥ ስንገባ ነው የሚታየው።

ከቡሬ የሄደች አንዲት ፍሬሽ ተማሪ እናስብ። በመጀመሪያው ሴሚስተር አምስት ኮርስ ወስዳለች፦ እንግሊዝኛ፣ ሎጂክ፣ ሳይኮሎጂ፣ የኢትዮጵያና የአፍሪካ ቀንድ ጂኦግራፊ፣ ማትስ። እያንዳንዱ 3 ክሬዲት ነው። ስፖርቱ አለፈች ወይም ወደቀች ብቻ ስለሚባልበት ነጥቡ አይደመርም። በእንግሊዝኛና በጂኦግራፊ ቢ አገኘች፤ ቢ 3 ነጥብ ነው። በሳይኮሎጂ ሲ ፕላስ፣ 2.5። በሎጂክ ሲ፣ 2። በማትስ ሲ ማይነስ፣ 1.75። እያንዳንዱ ነጥብ በ3 ክሬዲት ሲባዛና ሲደመር 36.75 ይመጣል፤ ይህ ለ15 ክሬዲት ሲካፈል 2.45 ይሆናል። ደህና ናት። አሁን ማትሱን ወድቃ ኤፍ አገኘች እንበል። ድምሩ 31.5 ነው፤ ለ15 ሲካፈል 2.10። ከ2.00 በላይ ስለሆነ «አልፌያለሁ» ብላ ለቤተሰብ ትደውላለች። አልተሳሳተችም፤ ወደሚቀጥለው ሴሚስተር ትሻገራለች። ያ ኤፍ ግን እዚያው ተቀምጦ ይጠብቃታል። ኮርሱን ደግማ እስክታስተካክለው ድረስ፣ ሌላውን ሁሉ ኤ ብታመጣ እንኳ አትመረቅም። ኮርሱ ደግሞ በየሴሚስተሩ አይሰጥም፤ የሚሰጥበት ጊዜ ከሌላ ኮርስ ጋር ሊጋጭባት ይችላል። በፍሬሽ ዓመት ችላ የተባለ አንድ ኤፍ ሙሉ ዓመት የሚያስቀረው በዚህ መንገድ ነው።

ክሬዲት የሚለውም ቁጥር ብዙ ሰው ከሚያስበው በላይ ይዟል። በእኛ ዩኒቨርሲቲዎች ከክሬዲቱ ጎን ኢሲቲኤስ የሚባል ከአውሮፓ የመጣ መለኪያ አለ፤ 3 ክሬዲት ያለው ኮርስ አብዛኛውን ጊዜ 5 ኢሲቲኤስ ነው፤ አንዱ ኢሲቲኤስ 27 የሥራ ሰዓት ተብሎ ይሰላል። አምስቱ 135 ሰዓት ማለት ነው። መምህሩ ክፍል ገብቶ የሚያስተምረው በሳምንት 3 ሰዓት፣ በ16 ሳምንት 48 ሰዓት ነው። የቀረው 87 ሰዓት የተማሪው ነው፤ ላይብረሪ፣ ላብራቶሪ፣ የቡድን ሥራ፣ ለብቻ ማንበብ። ከሁለት ሦስተኛው ትንሽ የሚያንሰውን ሥራ ተማሪው ራሱ እንዲሠራው ውሉ ያስገድደዋል። ሃንድአውት አንብቦ ፈተና መግባት የተለመደው ይህ ውል ስላልተነበበ ይመስለኛል።

ይህ አሠራር ከየት መጣ? ሴሚስተሩ፣ ክሬዲቱ፣ ፍሬሽማን የሚባለው ዓመት ከሰሜን አሜሪካ የመጡ ናቸው። ወደ ኢትዮጵያ ያስገቧቸውም በመጀመሪያ የካቶሊክ ካህናት ናቸው። ኢየሱሳውያን ወይም ጀስዊቶች የሚባለው ማኅበር አባላት የሆኑ ካናዳውያን ከ1937 ዓ.ም. ጀምሮ የተፈሪ መኮንን ትምህርት ቤትን ያስተዳድሩ ነበር። ከአምስት ዓመት በኋላ ንጉሠ ነገሥቱ ከእነሱ አንዱን፣ ዶክተር ሉሲየን ማትን፣ ኮሌጅ እንዲያቋቁሙ ጠየቋቸው። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ በ1943 ዓ.ም. ማስተማር ጀመረ። ዩኒቨርሲቲው ራሱ በታሪኩ እንደሚያሰፍረው የጀማሪዎቹ ተማሪዎች ቁጥር 33 ነበር። ዛሬ በአንድ ዶርም ፎቅ ላይ የሚያድሩ ልጆች ከዚያ ይበልጣሉ።

ኮሌጁ የመንግሥት ነበር፤ መሪዎቹና በርካታ አስተማሪዎቹ ግን የካቶሊክ ማኅበር ሰዎች ናቸው። ስለዚህ ሁለት ግዴታ ተጣለባቸው፦ የካህን ልብስ እንዳይለብሱና ሃይማኖት እንዳይሰብኩ። ጥንቃቄው ምክንያት ነበረው። ለዚህም ከጎጃም ምድር ርቀን መሄድ አያስፈልገንም። ፔድሮ ፓኤዝ የተባለው ስፔናዊ ጀስዊት በ1618፣ በእነሱ አቆጣጠር፣ ከአፄ ሱስንዮስ ጋር ሆኖ ዛሬ ሰከላ በምንለው ወረዳ ግሽ ዓባይ ላይ ቆሞ የዓባይን ምንጭ አይቷል። አዋቂና ትሑት ሰው እንደነበር ይነገርለታል። እሱ ካለፈ በኋላ ግን ካቶሊክነት በአዋጅ ሲታወጅ አገሩ በጦርነት ታመሰ፤ ሱስንዮስ ዙፋኑን ለልጁ ለፋሲለደስ ለቀቀ፤ እሱም ጀስዊቶቹን ከአገር አስወጣ። የዚያ ደም ትዝታ ሦስት መቶ ዓመት ተሻግሮ የማትንና የጓደኞቹን ልብስ እንኳ ወስኗል።

ይህ ታሪክ ለርእሳችን የሚጠቅመው ነገር አለ። ፓኤዝ ኢትዮጵያ ከመግባቱ አራት ዓመት ቀደም ብሎ፣ በ1599፣ ማኅበሩ በየአገሩ ላሉት ትምህርት ቤቶቹ አንድ ደንብ አውጥቶ ነበር። ተማሪ በምን ቅደም ተከተል እንደሚማር፣ ከሰዋስው ወደ ሥነ ጽሑፍ፣ ከዚያ ወደ ንግግር ጥበብ፣ ከዚያ ወደ ፍልስፍና፣ መጨረሻ ወደ ነገረ መለኮት እንዴት እንደሚወጣ፣ በምን እንደሚፈተን የሚደነግግ ነው። በዓለም ያሉ ብዙ የካቶሊክ ኮሌጆች ዛሬም ድረስ የዚያ ደንብ ጠባይ አላቸው። በእነዚህ ኮሌጆች ተማሪው አካውንቲንግም ያጥና ባዮሎጂ፣ ብዙውን ጊዜ ፍልስፍናና ነገረ መለኮት ሳይወስድ አይመረቅም። በአሜሪካ ዲግሪ ለመያዝ የሚጠየቀው በአብዛኛው 120 ክሬዲት ነው፤ በካቶሊክ ኮሌጆች ከዚያ ውስጥ ቀላል የማይባለው ክፍል ለሁሉም ተማሪ የጋራ የሆነ ትምህርት ነው።

ይህን እስከ ዳር የወሰደ አንድ ትንሽ ኮሌጅ ካሊፎርኒያ ውስጥ አለ፤ ቶማስ አኩዊናስ ኮሌጅ ይባላል፤ የተከፈተው በ1971 እንደ አውሮፓውያን ነው። አዲስ አበባ ያለው የኢትዮጵያ ካቶሊክ ዩኒቨርሲቲም በዚሁ ቅዱስ ስም የተሰየመ ነው፤ ካሊፎርኒያው ግን ሌላ ዓለም ነው። ትምህርት ክፍል የሚባል ነገር የለውም። የሚሰጠው አንድ ዲግሪ ብቻ ነው። ሁሉም ተማሪ ለአራት ዓመት አንድ ዓይነት መጻሕፍት በአንድ ቅደም ተከተል ያነባል፤ መጽሐፍ ቅዱስን፣ አፍላጦንን፣ አርስጣጣሊስን፣ ኢውክሊድን፣ ኒውተንን። ላቲን ይማራል። መምህሩ ሌክቸር አይሰጥም፤ ተማሪዎች ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጠው ባነበቡት ላይ ይከራከራሉ፤ እሱ ጥያቄ ይጠይቃል። በየጊዜው ተማሪው መምህራኑ ፊት ይቀመጥና እነሱ ስለ ትምህርቱ እርስ በርሳቸው ሲነጋገሩ ያዳምጣል፤ ከዚያ እሱም መልስ ይሰጣል። በመጨረሻው ዓመት ጽሑፍ አዘጋጅቶ ቆሞ ይከላከላል።

የጎጃም ሰው ይህን ሲሰማ እንግዳ ሊሆንበት አይገባም። ዋሸራና ጎንጅ ይህን ከጥንት ጀምሮ ያውቁታል። የቅኔ ተማሪ ደበሎውን ለብሶ፣ አኩፋዳውን አንግቶ፣ ለምኖ እየበላ ነው የሚማረው። ሁለት ቤት ካላት ከጉባኤ ቃና ይጀምራል፤ ዘአምላኪየን፣ ሚበዝኁን፣ ዋዜማን፣ ሥላሴን፣ ዘይእዜን እያለ ስምንት ቤት ወዳለው መወድስ ይወጣል። የትናንቱን ቅኔ ዛሬ ይዞ መምጣት አይቻልም፤ በየቀኑ አዲስ ቆጥሮ መምህሩ ፊት ይቆማል። መምህሩም ያቀናል ወይም ይመልሰዋል። ቤት የሞላ ተማሪ ወዲያው ከታቹ ላሉት አስነጋሪ ይሆናል፤ ያወቀውን እያስተማረ ነው ራሱ የሚጠናቀቀው። የዓመት ገደብ የለም፤ አንዱ በሁለት ዓመት ይዞት ይሄዳል፣ ሌላው ስድስት ዓመት ይቀመጣል። መምህሩ «በቃ» ያለው ዕለት ያልቃል።

ካሊፎርኒያውን ኮሌጅ ከዋሸራ ጎን ያቆምኩት ለማድነቅ ብቻ አይደለም። ሁለቱ የሚጋሩት አንድ መስፈርት አለ፤ ተማሪው የሚያውቀውን በቃሉ፣ በሚያውቁት ሰዎች ፊት፣ ጥያቄ እየተጠየቀ ማሳየት ግድ ነው። በጽሑፍ ፈተና የማይታይ ብዙ ነገር እዚያ ይታያል። ሁለቱም የሚሠሩት ግን ትንሽ ስለሆኑ ነው። አንድ መምህር አንድ ክፍል ውስጥ ሰማንያ ተማሪ ሲኖረው እያንዳንዱን አቁሞ መጠየቅ አይችልም። ስለዚህ በየመካከሉ ወረቀት ይገባል፤ ከወረቀቱም ምርጫ ጥያቄ ይመጣል። የእኛ ዩኒቨርሲቲዎች የሄዱበት መንገድ ይኸው ነው። ጥፋቱ የማንም መምህር ብቻ አይደለም።

ወደ አዲስ አበባ እንመለስ። ያ 33 ተማሪ የነበረው ኮሌጅ አድጎ በ1954 ዓ.ም. ከዓለማያ እርሻ ኮሌጅ፣ ከጎንደር ጤና ኮሌጅ፣ ከምሕንድስናና ከሌሎቹ ጋር በአንድ ላይ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ሆነ።  ከሦስት ዓመት በኋላ፣ በ1957 ዓ.ም.፣ ዩኒቨርሲቲው በመመረቂያ ዝርዝሩ ላይ አንድ ነገር ጨመረ። ከየትም አገር ኮሌጅ የተገለበጠ አይመስለኝም፤ ከአገሩ ችግር የመጣ ነበር።

የኢትዮጵያ ዩኒቨርሲቲ አገልግሎት ይባላል። እያንዳንዱ ተማሪ፣ ብዙውን ጊዜ ሦስተኛ ዓመቱን ሲጨርስ፣ ለአንድ ሙሉ የትምህርት ዓመት ከዩኒቨርሲቲ ወጥቶ በክፍለ ሀገር ያገለግላል። ያንን ዓመት ያልፈጸመ ዲግሪ አይሰጠውም። የምኞት ጉዳይ አልነበረም፤ እንደ ማትሱና እንደ እንግሊዝኛው መስፈርት ነበር። አብዛኞቹ የተላኩት አስተማሪ ሆነው ነው፤ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች በየአውራጃው ሲከፈቱ አስተማሪ ስላልነበራቸው። የሕግ ተማሪ እንግሊዝኛ ያስተምራል፤ የሳይንስ ተማሪ በተከራያት ቤት በላምባ መብራት የተማሪዎቹን ደብተር ያርማል።

የዚህን መስፈርት ክብደት ለመረዳት በዚያን ጊዜ ዩኒቨርሲቲ የገባው ማን እንደነበር ማሰብ ይበቃል። በአብዛኛው ከአዲስ አበባና ከጥቂት ትልልቅ ከተሞች የመጣ ልጅ ነው። አገሩን በካርታ ያውቀዋል። ገበሬው ለባለርስቱ ስንት እንደሚሰፍር፣ ልጁ ትምህርት ቤት ለመድረስ ስንት ወንዝ እንደሚሻገር፣ ክረምት ሲገባ ክፍሉ ለምን ባዶ እንደሚሆን የሚያየው ያኔ ነው። ወደ ስድስት ኪሎ ሲመለስ ዝም ብሎ የሚመለስ አልነበረም። የዚያ ዘመን የተማሪ እንቅስቃሴ ስለ መሬት የጮኸው ጩኸት ከመጽሐፍ ብቻ አልመጣም፤ አንድ ዓመት ገጠር ተቀምጠው ያዩት ነገር ነበራቸው። ብዙዎቹ በኋላ የሄዱበትን መንገድ መደገፍ አይጠበቅብንም። ያዩት ግን እውነት ነበር፤ እንዲያዩት ያደረገው ደግሞ የምረቃ መስፈርት ነው።

በ1967 ዓ.ም. ደርግ የዕድገት በሕብረት ዘመቻን አወጀና ወደ 60 ሺህ የሚጠጋ ተማሪና አስተማሪ በአንድ ጊዜ ገጠር ላከ። ሐሳቡን በከፊል ከዚያ አገልግሎት የወሰደው ይመስላል፤ መንፈሱ ግን የተለየ ነበር። አንዱ በዩኒቨርሲቲው ደንብ፣ ለትምህርት ተብሎ፣ አንድ ተማሪ ወደ አንድ ትምህርት ቤት የሚሄድበት ነበር፤ ሌላው በመንግሥት ትእዛዝ የተደረገ ዘመቻ ነው። ከዚያ በኋላ የአንድ ዓመቱ አገልግሎት ወደ መስፈርቱ ዝርዝር ተመልሶ አልገባም።

የቀሩትን ዓመታት ፈጠን ብዬ ልለፋቸው። ዩኒቨርሲቲዎች በዙ፤ ጎጃም ብቻ ባሕር ዳር፣ ደብረ ማርቆስና እንጅባራ አላት። ዲግሪው ሦስት ዓመት ሆነ፤ ፍሬሽማን ቀረ። በ2012 ዓ.ም. አራት ዓመቱና ፍሬሽማኑ ተመለሱ። ታሪክ፣ ጂኦግራፊ፣ ሎጂክ፣ አንትሮፖሎጂ፣ ሥነ ምግባር፣ አካቶ ትምህርት ለሁሉም የጋራ ሆኑ። ማንም ሰው ይህን የካቶሊክ ኮሌጅ አሠራር ነው ብሎ አላመጣውም፤ ግን ስፔሻሊስት ከመሆን በፊት ሰው መሆን ይቅደም የሚለው ያው አስተሳሰብ ነው። ተማሪዎች «ይህ ለእኔ ምን ያደርጋል?» ሲሉ እሰማለሁ። ሎጂክ ኮርሱን በቁም ነገር የወሰደ ልጅ አራተኛ ዓመት ላይ ሪሰርች ሲጽፍ ከሌላው ይለያል። ይህን በዓይኔ አይቻለሁ።

ከዚያ የመውጫ ፈተናው መጣ። ሐምሌ 2015 ዓ.ም. ለመጀመሪያ ጊዜ በሁሉም የመንግሥትና የግል ተቋማት ሲሰጥ ከ150 ሺህ በላይ ተማሪዎች ተፈትነው 61,054 አለፉ፤ 40.65 በመቶ። ከመንግሥት ተቋማት 62.37 በመቶ ሲያልፉ ከግሎቹ ያለፉት 17.2 በመቶ ብቻ ናቸው። ፈተናው በኮምፒውተር የሚሰጥ የምርጫ ጥያቄ ነው፤ ማለፊያው 50 በመቶ። አራት ዓመት ተምሮ፣ ኮርሱን ሁሉ አልፎ፣ ያንን ቀን ያላለፈ ልጅ ዲግሪ የለውም፤ ተዘጋጅቶ በሌላ ዙር እንደገና መቀመጥ አለበት።

ፈተናው አያስፈልግም ከሚሉት ወገን አይደለሁም። ክፍል ሳይገቡ ዲግሪ የሚገዛበት ዘመን መጥቶ ነበር፤ አንድ ሰው ማስቆም ነበረበት። የ12ኛ ክፍሉ ፈተናም በጥብቅ ቁጥጥር ጥቅምት 2015 ሲሰጥ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት ከ896,520 ተፈታኞች 29,909 ብቻ መሆናቸው ከሥር ምን እንደነበረ አሳይቶናል። ዩኒቨርሲቲዎቹ ባዶ እንዳይቀሩ የማካካሻ ትምህርት፣ ተማሪዎች ሬሜዲያል የሚሉት፣ የተጀመረውም ስለዚህ ነው። ግን ፈተና የሚመዝነው የሚመዘነውን ነው። ደብረ ማርቆስ ዩኒቨርሲቲ ቡሬ ግቢ ውስጥ እርሻና የእንስሳት ሀብት የሚያጠና ልጅ ስለ በቆሎ ተባይ አንድ መቶ ጥያቄ ሊመልስ ይችላል። ከግቢው አጥር ማዶ ያለ ገበሬ ጎተራ ገብቶ፣ ነቀዝ የበላውን በቆሎ በእጁ አፍሶ፣ «ይህን ምን ላድርገው ልጄ?» ሲባል ምን እንደሚል ኮምፒውተሩ አይጠይቀውም።

ቡሬ ደግሞ ይህ ጥያቄ ባዶ ሜዳ ላይ የሚነሣባት ከተማ አይደለችም። ወምበርማና ጃቢ ጠህናን የበቆሎና የበርበሬ አገር ናቸው። ከተማዋ የተቀናጀ አግሮ ኢንዱስትሪ ፓርክ አላት፤ ፊቤላ የዘይት ፋብሪካም በ2013 ዓ.ም. ተመርቆባታል። ፍኖተ ሰላም የመምህራን ትምህርት ኮሌጅ አላት። እርሻውም፣ ፋብሪካውም፣ ትምህርት ቤቱም፣ ተማሪውም በአንድ መንገድ ዳር ተሰልፈዋል።

አንድ ነገር ሳልናገር ማለፍ አልችልም። ከ2015 መጨረሻ ጀምሮ በአማራ ክልል በቀጠለው ጦርነት በምዕራብ ጎጃም ብዙ ትምህርት ቤቶች ተዘግተዋል፤ ፈተና መቀመጥ የነበረባቸው ልጆች በየቤታቸው ዕድሜያቸው እየሄደ ነው። ዩኒቨርሲቲ ያሉትም መንገድ ተዘግቶ ጥሪ ሳይደርሳቸው ሴሚስተር ያመለጣቸው አሉ። ለእነዚህ ልጆች ዝርዝሩን ማወቅ ከማንም ይልቅ ያስፈልጋቸዋል። ያቋረጠ ተማሪ በምን ሁኔታ እንደሚመለስ፣ የጀመረው ኮርስ እንደሚያዝለት ወይም እንደሚሰረዝበት የሚወስነው የዩኒቨርሲቲው ደንብ ነው። በደንቡ መሠረት ፈቃድ ወስዶ የወጣና ዝም ብሎ የጠፋ ተማሪ አንድ ዓይነት አይታዩም። መውጣት የግድ ከሆነ ሬጅስትራር ገብቶ ፎርም ሞልቶ መውጣት፣ ያ ካልተቻለ በስልክም በጓደኛም ማመልከት ኋላ ብዙ ያድናል።

ወላጆች ብዙ ጊዜ ስለሚጠይቁት ስለ ኮስት ሼሪንግም ላንሣ። ከ1995 ዓ.ም. ደንብ ጀምሮ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ከወጣለት ወጪ የራሱን ድርሻ በየዓመቱ ውል ፈርሞ ይይዛል፤ ሥራ ሲይዝ ከደመወዙ በየወሩ ቢያንስ 10 በመቶ ይከፍላል። በመምህርነት ለሚሰማሩ ደንቡ በአገልግሎት እንዲከፍሉ መንገድ ትቷል። ክሊራንስ ጨርሶ፣ የላይብረሪ መጽሐፉን መልሶ፣ የዶርም ቁልፉን ለፕሮክተሩ አስረክቦ ተማሪው ይዞ የሚወጣው ቴምፖ፣ ማለትም ጊዜያዊው ዲግሪ፣ ነው፤ ኦሪጅናሉ ያ ዕዳ ሲጠናቀቅ ይመጣል። ቤት ውስጥ ቴምፖውን ፍሬም ውስጥ ከማስገባት ይልቅ ኮፒ አስነሥቶ ዋናውን ማስቀመጥ ይሻላል።

ከዚህ ሁሉ በኋላ የምለው ይህ ነው። ያ የ1957ቱ መስፈርት ወደ ዝርዝሩ ይመለስ። ለአገሩ በሙሉ በአንድ አዋጅ ባይሆን፣ በአንድ ግቢ ይጀመር፤ ቡሬ ይጀመር። የማኅበረሰብ አገልግሎት ከማስተማርና ከምርምር ቀጥሎ የዩኒቨርሲቲዎች ሦስተኛ ሥራ ተብሎ ተጽፏል። ግን በአብዛኛው የመምህራን ፕሮጀክት ሆኖ ቀርቷል፤ በተማሪው ትራንስክሪፕት ላይ አይታይም። ሰላም ሲወርድ፣ አንድ የእርሻ ተማሪ ሦስተኛ ዓመቱ ላይ አንድ ሴሚስተር በወምበርማ ወይም በጃቢ ጠህናን አንድ ቀበሌ ይመደብ። ከልማት ጣቢያ ሠራተኛው ጋር ይዋል። አንድ ጥያቄ ይያዝ፤ ለምሳሌ በቆሎ ከአጨዳ እስከ ሚያዝያ ድረስ ጎተራ ውስጥ ምን ያህሉ እንደሚባክን፣ አየር የማያስገባ ከረጢት የተጠቀሙና ያልተጠቀሙ ቤቶች ልዩነታቸው ስንት እንደሆነ። ክሬዲት ይሰጠው፤ ሳያልፍ አይመረቅ።

ሪፖርቱን በእንግሊዝኛ ለመምህሩ ይጻፍ፤ ያ የትምህርቱ ግዴታ ነው። መከላከሉን ግን በአማርኛ፣ በቀበሌው፣ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ፣ ጎተራቸውን የከፈቱለት ገበሬዎች ባሉበት ያድርገው። እነሱ ይጠይቁት። «ከረጢቱ ስንት ያወጣል? ከየት ነው የምናገኘው? አይጥ ቢበሳውስ? እንደ ባለፈው ዓመት ዝናብ ሲዘገይ ሒሳብህ ይሠራል ወይ?» ሁለት መምህራን ከጎን ተቀምጠው ይስሙ። የገበሬዎቹን ጥያቄ የመለሰ ያልፋል፤ ያልመለሰ በሚቀጥለው ሴሚስተር ተመልሶ ወደዚያው ቀበሌ ይሄዳል።